የእናቴ ገብስማ ዶሮዎች

እናቴ የሞተችው በጥር መጨረሻ ነው። አርባዋ ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ፤ ስለዚህ ተዝካሯ በሽሮና በምስር ወጣ፤ አንድም ዶሮ አልታረደ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ ወር ብትሞት ኖሮ ሃያ ሰባቱ ዶሮዎቿ ለለቀስተኛ ወጥ ሆነው ባለቁ ነበር፤ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከደብረ ወርቅ ወደ ዲማ በሚወስደው በኩል፣ ከመኪናው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት ገባ ብላ በምትገኝ አጥቢያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀድሰዋል። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም። ሁለቱ ወንድሞቼ ርቀው ይኖራሉ፤ እኔ ሴት ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ሙያዬም የእንስሳት እርባታ ነው። አርባው አልፎ ዘመድ ሲበተን ግቢው ውስጥ የቀሩት አባቴና ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልትሄድ ስትነሳ ዶሮዎቹን በዓይኗ ቆጥራ፣ «አባ፣ ለፋሲካ ይሽጧቸው። ማን ያይልዎታል?» አለቻቸው።

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ፣ «አይሸጡም» አሉ። ምክንያት አልጨመሩም።

በእኛ አገር ዶሮ የሴት ጉዳይ ነው። ወንድ፣ ይልቁንም ቄስ፣ ስለ በሬና ስለ አዝመራ ያወራል እንጂ የትኛዋ ዶሮ እንደታቀፈች አያውቅም። አባቴም አያውቁም ነበር። እናቴ ግን ታውቅ ነበር። ስትዳር ከእናቷ ቤት፣ ከሮብ ገበያ በላይ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ አንዲት ገና ያልጣለች ገብስማ ቄብ በቅርጫት ይዛ እንደመጣች ትነግረን ነበር። ገብስማ የምንለው ጥቁርና ነጩ እየተፈራረቀ የተዘራበት፣ ከሩቅ ሲያዩት አመድማ የሚመስለውን ላባ ነው። የእሷዎቹ አናታቸው ላይ ጉትዬ ነበራቸው፤ እግራቸው አጭር ነው፤ ውርጭ ሲወርድ እንደሌሎቹ አይኮማተሩም። ጭልፊት ሲያንዣብብ እናቲቱ አንድ ድምፅ ታሰማለች፤ ጫጩቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአጥሩ ሥር ይገባሉ።

እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የዶሮዎቿን ትውልድ ግን እንደ ዘመዶቿ አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር። ከጊዜዋ በፊት ከእንቁላሏ የተነሣች ዶሮ እንቁላል ዳግመኛ ለማስታቀፍ አይውልም፤ ይበላል። ወንድምና እህት እንዳይገናኙ በየሁለት ዓመቱ ሮብ ገበያ ካለችው እህቷ ጋር አውራ ዶሮ ትለዋወጥ ነበር። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው አንድ ነገር አለ። የገና ሰሞን አንድ ነጋዴ ግቢያችን መጥቶ ትልቁን አውራ ዶሮ ጠየቃት። ሰው ሁሉ ለበዓል የሚሸጠው ትልቁን ነው። እናቴ አነስ ያለውን ይዛ ወጣች።

«ያኛውን እንጂ!» አላት ነጋዴው።

«ያኛው አባት ነው» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ተምሬ ሥራ እንደያዝኩ አምስት የውጭ ዝርያ ዶሮዎች አመጣሁላት። ቀያይ፣ ዘለግ ያሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚጥሉ። እናቴ ተቀብላ በደንብ ያዘቻቸው። በዓመቱ ስጠይቃት፣ «ሲጥሉስ ይጥላሉ» አለችኝ፤ «ግን እናት አይሆኑም።» ሁለቱን ጭልፊት ወስዷቸው ነበር። እኔ ያኔ ስለ ምርት ብዛት ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ዛሬ ያ ማብራሪያ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ደብተር ዘርግተው ይጽፋሉ። ዶሮዎቹ እግራቸው ላይ ክር ታስሮባቸዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እናቴ ለነጠላ ጥለት ያስቀመጠችው ክር ነው።

«ምንድን ነው አባ?» አልኳቸው።

«መዝገብ ነው። እሷ በልቧ ትይዘው ነበር፤ እኔ በልቤ አይያዝልኝም።»

ደብተሩን አየሁት። እንደ ብራና መጽሐፍ በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው የጻፉት። በቀይ የተጻፉት ጫጩቶቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት ዶሮዎች ናቸው። ከዚያ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። «ባለ ቢጫዋ አሥራ ሦስት ታቅፋ አሥራ አንድ ፈለፈለች። ባለ አረንጓዴዋ አሥር ታቅፋ አራት። ከአንድ እናት ናቸው። ለምንድን ነው?» ኮሌጅ ውስጥ በሁለት ዓመት ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አባቴ በሁለት ወር ደርሰውበት ነበር።

ሰው አላገጠባቸው። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም አንድ ሽማግሌ፣ «አባ፣ የዶሮዎቹም የንስሐ አባት ሆኑ አሉ!» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «እነሱስ የሚናዘዙት የላቸውም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሁን ወደማይቀለኝ ነገር ልግባ።

እኔ ዘሩን ላሻሽል አሰብኩ። የእናቴ ዶሮዎች ጠንካሮች ናቸው፤ ግን ትንንሾች ናቸው። ትልቅ አውራ ቢገባባቸው፣ ጥንካሬውን ይዘው ቁመት ይጨምራሉ አልኩ። ሐሳቡ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ሰኔ ላይ ከደብረ ማርቆስ ገበያ አንድ ያማረ ቀይ አውራ ገዛሁ፤ በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ አመጣሁት። አባቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እናትሽ ከገበያ የመጣ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ታስር ነበር» አሉኝ።

ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ገበሬ ሰብስቤ ሳስተምር የምጀምረው በዚህ ነው። ግን ዝናብ መጥቷል፤ ለብቻው የማሳድርበት ደረቅ ቦታ የለም፤ እኔም በማግሥቱ ሥራ አለብኝ። «ሻጩ ተከትቧል ብሎኛል፣ አባ፤ ደግሞ ጤነኛ ነው፣ ያዩታል» አልኳቸው። አባቴ እኔን አመኑ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። አውራውን ለቀቅነው።

በሳምንቱ ስልክ ደወሉ። «ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለዋል» አሉኝ፤ «አንዷ አንገቷ ተጠማዟል።» ተቅማጣቸው አረንጓዴ መሆኑን ሲነግሩኝ ገባኝ። ፈንግል ነው። ፈንግል ከገባ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ነው።

ስደርስ አሥራ ዘጠኙ ሞተዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ሌሎች አምስት ተከተሉ፤ ጫጩቶቹም በሙሉ አለቁ፤ ያመጣሁት አውራም ሞተ። አባቴና እኔ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረን፣ አመድ እየነሰነስን ቀበርናቸው። አባቴ ከእያንዳንዷ እግር ላይ ክሩን እየፈቱ ደብተሩ ውስጥ አስቀመጡት። ባለ ቢጫዋ ላይ ሲደርሱ ቋጠሮው አልፈታ አላቸው፤ ብዙ ቆዩ። ዝናብ እየዘነበብን ነበር። ከሃያ ሰባቱ የተረፉት አንዲት አሮጊት ዶሮና ሁለት ቄቦች ብቻ ናቸው። አውራ አልተረፈም።

ጉድጓዱን ከደፈንን በኋላ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ስትሞት እንደዚያ አላለቀስኩም ነበር፤ ያኔ የሚስተናገድ ሰው ነበር፣ ሥራ ነበር። አባቴ እስክጨርስ ጠብቀው፣ «ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም እናውቅ ነበር።»  ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለታችን ወደ ሮብ ገበያ ሄድን። እናቴ አውራ ትለዋወጣት የነበረችው እህቷ እዚያ አለች፤ ከእሷ ቤት ዘሩ ይገኛል ብለን ነበር። ይህች አክስቴ አቅፋ ሳመችኝ፤ የአባቴን መስቀል ተሳለመች። ስለ ዶሮዎቹ ስንጠይቃት ግን ፊቷ ተለወጠ። ግቢዋ ውስጥ የሚጭሩት ትልልቅ ቀያዮች ነበሩ።

«የእኔማ ተቀላቀለ» አለች። «ልጆቹ ትልቁን ወደዱ፤ እኔም እሺ አልኩ። እህቴ ትመጣለች፣ ትቆጣኛለች ስል ቀረች።»

ቀያዮቹን ያደላት እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ነው። ስሙን አልጠየቅሁም።

ትንሽ ቆይታ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከዓመታት በፊት ከላይ፣ ከተራራው አፋፍ ለምትኖር ወዳጇ፣ ለአራስ ጥየቃ ሁለት ቄብና አንድ አውራ ይዛላት ሄዳ ነበር። ያች ሴት ባሏ ሞቶ ብቻዋን ናት፤ ወደ ገበያም ብዙ አትወርድም።

በማግሥቱ ጧት በገብሱ ማሳ መሐል ሽቅብ ወጣን። አባቴ በየጥቂቱ እየቆሙ ይተነፍሱ ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከአፋፉ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው አውራውን ነው። ካብ ላይ ቆሟል። ገብስማ፣ ጉትዬ፣ እግረ አጭር። አባቴ ክንዴን ያዙኝ። 

ሴትዮዋ ወጥታ መስቀል ተሳለመች፤ ዓይናችን የት እንዳለ አይታ፣ ሳንጠይቃት፣ «እሱ አይሸጥም» አለች።

«ለመብል አይደለም፤ ለዘር ነው» አሏት አባቴ። «ከዚህ ዘር የወጡ የባለቤቴ ዶሮዎች አልቀውብኝ ነው።»

«ምን ጨረሳቸው አባ?»

አባቴ ዓይናቸውን ወደ ገብሱ ማሳ መለሱ። እኔን ላለማሳጣት እንደሆነ ገባኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት፤ ነገሩን ከነካርቶኑ ነገርኳት። ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እንግዲያ አውራውን ለአንቺ አልሰጥም» አለች። «እንቁላል እሰጥሻለሁ። እንቁላል እንደ ገበያ ዶሮ በሽታ ይዞ አይመጣም፤ ቢሰበርም በራስሽ እጅ ነው።»

ገብታ አሥራ አንድ እንቁላል መርጣ አመጣች። እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሥታ እያየች፣ ስንጥቅ ያለበትን እየመለሰች። ዋጋ ስንጠይቃት አልተቀበለችም። «ደኅና ከወጡ አንዲት ቄብ አምጡልኝ» አለች። «እኔም ከአንድ ዘር ብቻ እያራባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ጫጩቶቹ እየደከሙብኝ ነው።» ይህን ማንም አላስተማራትም።

እንቁላሎቹን በገብስ እብቅ በሞላ ቅርጫት፣ ቅርጫቱን በአባቴ ጋቢ ጠቅልለን ወረድን። በሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጃቸው ከፍ ያደርጉት ነበር። ረዳቱ ቅርጫቱን ከላይ ልጫነው ቢላቸው፣ «ልጄ፣ እኔን ከላይ ጫነኝና ይህን ተወው» አሉት። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

ቤት ያለችው አሮጊቷ ዶሮ ከመውጣታችን በፊት ጀምሮ ባዶ ጭድ ታቅፋ ነበር። ሌላ ቢሆን ውኃ ውስጥ ነክሮ መታቀፉን ያስተዋት ነበር፤ አባቴ ግን ለጎረቤቲቱ እንዳትነካት አደራ ብለው ነው የሄዱት። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ መንገድ ላይ ተሰነጣጥቀዋል። ዘጠኙን ከሥሯ አደረግንላት። በሃያ አንደኛው ቀን ደብረ ማርቆስ ሥራ ላይ ነበርኩ። አባቴ ደውለው፣ «ሰባት» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከሰባቱ አንዱ በሳምንቱ ሞተ። ስድስቱ አደጉ፤ ሁለት አውራና አራት ቄብ። ከተረፉት ሁለት ቄቦች ጋር እነዚያ ናቸው የዛሬዎቹ ሁሉ መነሻ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለሚያየው ሰው የሚያስደንቅ አይደለም። ማሰር፣ መፍታት፣ መመዘን፣ መጻፍ ነው። ዘሩን ሁሉ በአንድ ግቢ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ስላየን፣ አባቴ የንስሐ ልጆቻቸው የሆኑ ሦስት ሴቶችን ጠርተው መንጋው ሲበዛ ለእያንዳንዳቸው አንድ አውራና ሁለት ቄብ ሰጡ። አውራዎቹ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከአንዱ ቤት ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ማንም አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር አይቀርም። እኔ በየጊዜው ክትባቱን በበረዶ ሣጥን እየያዝኩ እመጣለሁ፤ በእያንዳንዷ ዓይን አንድ ጠብታ። ጫጩቶቹን በተመሳሳይ ዕድሜያቸው በመንጠልጠያ ሚዛን እንመዝናለን። ከከባዶቹ መሐል እናቷ ጥሩ ታቃፊ የሆነችውን እናስቀራለን። ትልቅ ብትሆንም እናቷ ልጆቿን ጥላ የምትሄድ ከሆነ አትቀርም።

በሁለተኛው ዓመት ከነዚያ ቄቦች የመረጥናትን ይዘን ወደ አፋፉ ወጣን። ሴትዮዋ እግሯን፣ ክንፏን፣ ከደረቷ ሥር ያለውን ላባ ገልጣ አየች። ከዚያ አንድ ወጣት አውራ ይዛ መጣችና ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አሁን ውሰጂ» አለችኝ። አባቴ ያን አውራ ሦስት ሳምንት ከጓዳ አስረው አቆዩት። እኔ አንድም ቀን ይበቃዋል አላልኩም።

የሚከብደው ማስወገዱ ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ አውራ ወጣ፤ ሰው ከሌላ አጥቢያ ድረስ ሊያየው ይመጣ ነበር። ጉትዬው እንደ አክሊል፣ ድምፁ ከደብሩ ማዶ የሚሰማ። አባቴ ወደዱት። ጧት ጧት ገብሱን ከእጃቸው ያበሉት ነበር። ግን ደብተሩ ሲታይ ሴቶች ልጆቹ አንዳቸውም እንቁላላቸውን እስከ መጨረሻው አልታቀፉም። አባቴ ያን ገጽ ደጋግመው አነበቡት። ለመስቀል እንዲታረድ አዘዙ፤ ወጡ ሲቀርብ ግን «ጠግቤያለሁ» ብለው ተነሡ።

ዶሮዎቹ አሁን እናቴ ከነበሯት ይልቅ ከበድ ይላሉ፤ የሚጥሉትም ጨምሯል። እንደ ውጭዎቹ አይጥሉም፤ እንደዚያ ይጥላሉ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በግጭት ምክንያት መንገዱ የተዘጋባቸው ወራት መጡ። ሚኒባስ ቆመ፤ ስልክ ጠፋ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አባቴ ቤት ያለው መንገድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄደው መንገድ፣ የማይደረስበት አገር ሆነ። ስለ ዶሮ ማሰብ በዚያ ጊዜ ነውር ይመስል ነበር። ሰው ስለ ሰው ነበር የሚያስበው። እኔም ስለ አባቴ እንጂ ስለ ሌላ አላሰብኩም። ግን የክትባቱ ቀን ሲያልፍ አወቅሁት።

መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ አባቴ ከስተዋል፤ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ በድምፄ ነው የለዩኝ። አንገቴን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ብቻ ሳይሆኑ፣ ከእነሱ ጫጩት የወሰዱትም ተጨምረው አሥር ያህል። የመስከረሙ መለዋወጫ ቀን ኖሯል። አውራዎቹ በቅርጫት በቅርጫት ከዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል።

ደብተሩን የያዘችው ከሦስቱ አንዷ ናት፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የአራት ልጆች እናት። አባቴ ማንበብ ሲያቅታቸው እሷ ተረከበች። ቀይና ጥቁሩ ቀርቶ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሆኗል፤ ግን አንድም ወር አልተዘለለም።

«ክትባት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ?» አልኳት።

«ምን እናደርጋለን? ከገበያ ዶሮ አናስገባም ተባባልን። ከገበያ የተመለሰች ሴት እግሯን ሳትታጠብ፣ ጫማዋን ሳትለውጥ ወደ ዶሮ አትቀርብም። የአንዷ ቤት ሁሉም አለቀ።» በአገጯ ከዳር የቆመች አንዲት ወጣት ሴት አመለከተችኝ። «የቀረው አልነካውም። ለእሷም ከየቤታችን አዋጥተን ሰጠናት።»

ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። ከወጣቶቹ አውራዎች ሦስት ተለይተው ለዘር ይቀራሉ፤ ሌላው ለየባለቤቱ ነው፤ ያርደዋል ወይ ይሸጠዋል። እኔ አንዱ ትልቅ አውራ ላይ ዓይኔ አርፎ ነበር። አፌን ስከፍት ባለ ደብተሯ ቀድማ እናቱ ሁለቴ ከእንቁላሏ እንደተነሣች ከደብተሩ አነበበች፤ ሴቶቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፉት። ቀጥለው ትንሽ ተከራከሩ፤ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ሌላዋ መለሰችላት። አባቴ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ እነሱ አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። 

«እትዬ፣ ሚዛኑን ከፍ አድርገው ይያዙልን» አለችኝ ባለ ደብተሯ።

ያዝኩላቸው። እሷ ቁጥሩን አየች፣ ጻፈች፣ ቀጣዩን አውራ ከቅርጫቱ አወጣች።